ፓዙዙን አንገቷ ላይ ያሰረችው እናት

«ዘ ኤክዞርሲስት»ን ያየ ሰው ፓዙዙን አይረሳውም። ዊልያም ፒተር ብላቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ላይ የሚሰፍረው ጋኔን ነው። ፊልሙ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ የሚታየን አልጋ ላይ የምትንፈራገጠው ልጅና ጭንቅ ውስጥ የገባችው እናቷ ናቸው።

የሚቆረቁረኝም ይኼው ነው። የጥንቷ የመስጴጦምያ እናት ይህንኑ ስም ትጠራ የነበረው ልጇ እንዲተርፍላት ነው።

ፓዙዙ የዋህ ነበር እያልኩ አይደለም። የክፉ ነፋሳት መናፍስት ንጉሥ ይሉት ነበር። ፊቱ ውሻ ይመስላል፤ ክንፍ፣ የአሞራ ጥፍርና የጊንጥ ጅራት አለው። ግን ላማሽቱ የምትባል የባሰች ነበረች። ጽንስ ታስወርዳለች፣ አራስ ቤት ገብታ ሕፃን ትነጥቃለች ተብላ ትፈራ ነበር። እሷን የሚያባርርላቸው ፓዙዙ ስለሆነ እናቶች የራሱን ምስል በትንሹ አሠርተው አንገታቸው ላይ ያስሩት ነበር። ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አንድ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ፓዙዙ ከላይ አጮልቆ ያያል፤ ላማሽቱ ከታች በጀልባ ትሸኛለች።

ይህን ሳነብ የኛዋ ሕፃን ገዳይ ጋኔን ውርዝልያ ትዝ አለችኝ። በጸሎተ ሱስንዮስ እንደሚተረከው፣ የቅዱስ ሱስንዮስን የበኩር ልጅ የገደለችው እሷ ናት። የሚስቱን ለቅሶ ሰምቶ ፈረሱን ጫነ። መንገድ ዳር የተቀመጠች አሮጊት ጠይቆ፣ ከአትክልት ስፍራ ደረሰባትና ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጸለየ። ከዚያ በጦር ወጋት። ስሙ ወደተጠራበት እንደማትደርስም ማለች። ደብተራው ይህን ታሪክ በብራና ክታብ ላይ ሲጽፍ ክታቡን የምትይዘውን ሴት የክርስትና ስም ጸሎቱ መሃል ያስገባል።

ክታቡን «የጠንቋይ ወረቀት» ብሎ መናቅ ይቀለናል። እኔ ግን ሾተላይ የሚለውን ቃል አስባለሁ። ልጆቿ የሚሞቱባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሏት ነበር። ዛሬ ሐኪሞቻችን ይህንኑ ቃል ለአርኤች (Rh)፣ ማለትም ለእናትና ለፅንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ይጠቀሙበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ አደጋው በቀጣዮቹ ላይ ይብሳል። አሁን መከላከያ መርፌ አለው፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ያኔ ግን የነበረው ብራናው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ውርዝልያን በፊልም የሚሠራ ልጅ ይመጣል፣ ቢመጣም ደስ ይለኛል። ጋኔኗን የፈለገውን ያህል አስፈሪ ያድርጋት። እነዚያን ብራናዎች ግን ቀርቦ ይያቸው። አንዳንዶቹ ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሴት ስም ተጽፎበታል።