ኮሎኔሉ በወረቀት ይገኛሉ፤ የቃኘው መቶ አለቃስ?

በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት ካናዳዊው ኮሎኔል ጄምስ ራይሊ ስቶን እንግሊዝ አገር ተወልደው ካናዳ የገቡ ስደተኛ ናቸው፤ የእሳቸውን ታሪክ የማነሣው አብረው ኮሪያ ከዘመቱት ከእኛዎቹ ቃኘው ወታደሮች ጋር ላነጻጽረው ነው። በ1939 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ) በኤድመንተን ሬጅመንት በተራ ወታደርነት ተቀጠሩ። በ1943 መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ ኦርቶና ላይ ተዋግተው ተሸለሙ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃም ያንኑ በተራ ወታደርነት የገቡበትን ጦር በሌተና ኮሎኔልነት ያዙ ነበር።

ኮሪያ ላይ ደግሞ የካናዳው የልዕልት ፓትሪሺያ እግረኛ ጦር ሁለተኛ ሻለቃ አዛዥ ሆኑ። በዲሴምበር 1950 የደቡብ ኮሪያ ወደብ ቡሳን ሲደርሱ አሜሪካኖቹ ሻለቃው ቶሎ ግንባር እንዲገባ ፈለጉ። ስቶን ግን ከኦታዋ የተሰጣቸውን ትዕዛዝ ለአሜሪካው ጄኔራል ዎከር አሳዩ፦ ጦሩ በቅጡ ሳይሠለጥን ውጊያ እንዳይገባ የሚል ነው። በዚያ ወረቀት ጉልበት ሚርያንግ በምትባል ስፍራ የሳምንታት ሥልጠና ጊዜ አገኙ፤ ሻለቃው ግንባር የገባው በፌብሩዋሪ 1951 ነው። የሥልጠናው ውጤት ኤፕሪል 24 ሌሊት ካፕዮንግ ላይ ታየ። ቻይናዎቹ ኮረብታ 677ን ከበው ወጡበት። የአንዱ ሻምበል ጦር መሪ የነበሩት ካፒቴን ሚልስ፣ ጠላት ምሽጋቸው ውስጥ ሲገባባቸው፣ የኒውዚላንድ መድፈኞች እሳቸው ራሳቸው ባሉበት ቦታ ላይ እንዲተኩሱ ጠየቁ። የእሳቸው ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ፤ አጥቂው ሜዳ ላይ ነበር። ጥይትና ስንቅ ሲያልቅ በማግስቱ ጠዋት ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወረደላቸው። 10 ሰው ሞተ፤ 23 ቆሰለ፤ ኮረብታው አልተለቀቀም።

ይህን ሁሉ ለማወቅ የኮሎኔሉን ቤተሰብ ማስቸገር አያስፈልግም። የካናዳ ሻለቃ ጦር ሁሉ በዘመቻ ላይ የየዕለቱን ውሎ ይመዘግባል፦ የት እንዳደረ፣ ማን ቅኝት እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደጎደለ። መዝገቡ ኦታዋ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ፈላጊ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ መዝገቡ ላይ በስም የሚጠሩት በአብዛኛው መኮንኖች ናቸው፤ ተራው ወታደር ቁጥር ሆኖ ነው የሚያልፈው። አያቱ ወታደር የነበረ ሰው የግል ፋይል መጠየቅ ይኖርበታል።

የግል ፋይሉ ጣጣ አለው። ከ600,000 በላይ የሆነው የአንደኛው ዓለም ጦርነት ዘማቾች ፋይል ፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ ተለቋል፤ ገብቶ ማንበብ ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመለያ ቁጥር ሲፈልግ ነው። በዚያ ጦርነት የካናዳ መኮንኖች መለያ ቁጥር አልነበራቸውም፤ ቁጥር ያለው መኮንን ካገኛችሁ ከተራ ወታደርነት ያደገ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎት ላይ ሳሉ የሞቱት ፋይልም ክፍት ነው። ተርፈው ለተመለሱትና ለኮሪያ ዘማቾች ግን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ከተገኘም ቁጥር ተሞልቶ፣ መሞታቸውን ከሚያሳይ ማስረጃ ጋር ማመልከቻ ይገባል። ከሞቱ 20 ዓመት ካለፈ ማንም መጠየቅ ይችላል። ካላለፈ የቅርብ ቤተሰብ ብቻ፣ ያውም ከፊሉን።

ካናዳ ለኮሪያ ዘማቾቿ መልአክ ነበረች ማለቴ አይደለም። ኦታዋ መሐል የቆመው ሐውልት ላይ ‹1950–1953› የተጻፈው በ1982 ነው። በፈቃዱ ለዘመተው የተቆረጠው ሜዳልያ የመጣው በ1991፣ ብዙዎቹ ካለፉ በኋላ ነው። ክብሩ ዘገየ፤ ወረቀቱ ግን ስለተጠበቀ ክብሩን በኋላ ለመስጠት የሚያስቸግር ነገር አልነበረም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከካፕዮንግ ውጊያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የተመራው የመጀመሪያው ቃኘው፣ ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ የላከችው ሻለቃ፣ ቡሳን ወረደ። ከክቡር ዘበኛ የተመለመለ ጦር ነው። ሁለተኛውን አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ከ120 በላይ ሞቱ፤ የተማረከ የለም። አፅማቸው ወደ አገር ስለተመለሰ ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ከ370 በላይ ካናዳውያን ሲገኙ አንድም ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ በኋላ ደርግ መጣ፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ፤ ደቡብ ዘምቻለሁ ብሎ ሜዳልያ ማውጣት የማያዋጣ ሆነ። አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ የቆመው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ‹በጽሑፍ ያለ ይወረሳል› ብለን የተረትን ሰዎች፣ የአንድ መቶ አለቃ ዘመቻ ከሞተ በኋላ በልጆቹ አፍ ብቻ እንዲቀር ፈቀድን።

ግን ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብሎ ማልቀስም ስንፍና ነው። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። የዚያ ሬጅመንትና ክፍለ ጦር ወርኃዊ ሪፖርቶች ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ቁጥሩ 407 በሆነው ስብስብ ውስጥ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖረው ሐበሻ ይህ ጎረቤት ነው።

ከመሄድ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። መጀመሪያ ዘመቻው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ የመጀመሪያው 1951–52፣ ሁለተኛው 1952–53፣ ሦስተኛው 1953–54 ነው። እዚህ ላይ ነው ዓመቱ ጉድ የሚሠራው፦ ቤተሰቡ ‹ሚያዝያ 1943 ዘመተ› ይላል፤ ልጁ እንደወረደ ተርጉሞ ሲጠይቅ መዝገብ ቤቱ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይልከዋል። 1951 ማለት ነበረበት። ስም ሁለተኛው ወጥመድ ነው። የአሜሪካ ጸሐፊ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዝ፣ ‹ገብረ›ና ‹ወልደ› ያለበትንም ለሁለት ስለሚቆርጥ፣ ‹ወልደ ሥላሴ› በ‹ሥላሴ› ሊገኝ ይችላል። በራሱ ስም፣ በአባቱ ስም፣ በተለያየ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም መሞከር ነው። ስሙ ጨርሶ ባይወጣ ተስፋ አይቆረጥም፤ የሻምበል ጦሩ ቁጥር ከታወቀ በዚያ ቀን የት እንደነበረ ከሬጅመንቱ ሪፖርት ይነበባል።

የተመራማሪ ካርዱ በነጻ ነው፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይበቃል። ስክሪፕቶና ቦርሳ አይገባም፤ እርሳስ እዚያው ይሰጣሉ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ፍላሽ ግን ክልክል ነው። ሳጥኖቹ ከመጋዘን እስኪወጡ ስለሚያስጠብቁ፣ ከሥራ ፈቃድ ሲወሰድ ሙሉ ቀን ቢሆን ይሻላል።