ከእኔ በኋላ በሩ ይዘጋ

ባለፈው ሰሞን ለንደን ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ፖለቲከኛ «እንግሊዝ ከአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ስምምነት ትውጣ» ሲል፣ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ አጨበጨበ። «ማንን እንደሚያባርሩ ራሳቸው ይወስኑ እንጂ! ስትራስቡርግ ምን አገባው?» አለ አንዱ፣ ጥብሱን እየጠቀለለ። ስትራስቡርግ ያለውን፣ በስምምነቱ የሚዳኘውን ፍርድ ቤት ማለቱ ነው።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ከልቤ አደንቀዋለሁ። ፈረንሳይ ጠረፍ ካሌ ጫካ ውስጥ አድሮ፣ በጭነት መኪና ተሻግሮ፣ «ብመለስ እሰቃያለሁ» ብሎ በዚሁ ስምምነት አንቀጽ 3 ተከራክሮ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጠቅሶ በአንቀጽ 8 ተከላክሎ፣ ወረቀቱን በያዘ ማግስት ድንበር ጠባቂ መሆን ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ዕውቀቱስ ቢሆን! በ2020 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ «ተገላገልን» ብሎ ነበር። ስምምነቱ የኅብረቱ ሳይሆን የአውሮፓ ምክር ቤት የሚባል የሌላ ድርጅት መሆኑን ለማጣራት ጊዜ አልነበረውም፤ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ነበረበት። እንግሊዛውያን የሕግ ሰዎች በማርቀቁ ግንባር ቀደም እንደነበሩ፣ በ1951 ከሁሉም ቀድማ ያጸደቀችውም እንግሊዝ ራሷ መሆኗን ብትነግሩት፣ «ተገዳ ነው» ይላችኋል።

እንደ ድመቷ የሚያዝናናኝ ግን የለም። በ2011 በአንድ የፓርቲ ጉባኤ መድረክ፣ ድመት ስላለችው ብቻ ከአገር ሊወጣ ስላልቻለ ስደተኛ ተወራ። ፍርድ ቤቶቹ ወዲያው አስተባበሉ። ድመቷ የውሳኔው ምክንያት አልነበረችም፤ መንግሥት ለጥንዶች ያወጣውን የራሱን መመሪያ አልተከተለም ነበር። የፈረዱትም የስትራስቡርግ ሳይሆን የእንግሊዝ ዳኞች ናቸው። ማን ሊሰማ! ድመቷ እኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ትዋለዳለች። አንድ ክርስትና ላይ ሁለት ሆና ሰማኋት። ለቅሶ ቤት ውሻ ሆነች። ፀጉር ቤት ስደርስ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ቆሞላት፣ ባለሁለት መኝታ ካውንስል ቤት ተሰጥቷት አገኘኋት። አሁን የምጠብቀው ባሏን ለማስመጣት ማመልከቻ እስክታስገባ ነው። ማኅበር ከገባች ደግሞ ጠበል ጻድቁን እኛው ጋ ታወጣለች። ዕቁብም ሳትጥል አትቀርም። መጀመሪያ የሚደርሳትም እሷው ናት።

ቀልዱን ልተወው። በ2009 የጣሊያን መርከቦች ሜዲትራኒያን ላይ 200 ያህል ሰዎችን ይዘው፣ ማን እንደሆኑ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ትሪፖሊ ወስደው ለሊቢያ አስረከቧቸው። ከመካከላቸው 13 ኤርትራውያንና 11 ሶማሌዎች ስትራስቡርግ ከሰሱ። በ2012 ተፈረደላቸው። ፍርድ ቤቱ «ድንበራችሁን አትቆጣጠሩ» አላለም። ሰውን ጉዳዩን ሳትሰሙ በጅምላ አትመልሱ፤ ሥቃይ ወደሚጠብቀው ቦታም አትጣሉት ነው ያለው። «ጣልቃ ገብነት» የምትሉት ይኸው ነው። ሊቢያ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ፈረንጁ ባያውቅ እኛ አናውቅም? ስልኩን ከፍቶ የልጅ ጩኸት እያሰማ ገንዘብ የሚጠይቀውን ደላላ ረሳነው? ስንቷ እናት ቤቷን ሸጠች! ይህን አውቆ ማጨብጨብ ነውር ነው።

ይቅርታ፣ ማመስገን ላይ ነበርኩ። ጀግናችን በማግስቱ ደወለልኝ። የእህቱ ልጅ ካሌ ደርሷል።

«ጎበዝ ጠበቃ ታውቃለህ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእሱ ኬዝ እኮ ይለያል።»