የአሥር ሰዓቱን ቁርስ ማን ሰረዘው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር ለምግብ ቤትና ለእንግዳ ማረፊያ ሠራተኞች የሁለት ቀን ስልጠና ነበር። እኔም ተቀምጬ ተከታትያለሁ። በሁለተኛው ቀን አንድ ወረቀት ታደለ። «የምግብ ስያሜን ወጥ ስለማድረግ» ይላል። ቁርስ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት። ምሳ ከ6 እስከ 8። እራት ማታ ከ1 እስከ 3። ከዚህ ውጭ ያለው ስም ሁሉ «የአካባቢ አነጋገር» ስለሆነ ከሜኑ ይውጣ ይላል።

ከሰልጣኞቹ መሀል ከጣና ዳሯ ከዘጌ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ቤታቸው ለሚመጣ እንግዳ ቡና ያፈላሉ። የምታቀርቡትን ጻፉ ሲባል፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ልጅ ጻፈችላቸው፦ «የቡና ቁርስ፣ 10 ሰዓት»። አሰልጣኙ መጣ፣ አየ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። «እናቴ፣ ቁርስ የጠዋት ነው» አላቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ቁርስ እኮ የሚቆረሰው ነው» አሉት። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ቆረሰ እንላለን፣ ቁራሽ እንላለን፣ ቁርስ እንላለን። ቃሉ ውስጥ ሰዓት የለም። ጠዋትም የለም። ያለው እጅ ነው፣ ዳቦ ነው፣ አብሮ የተቀመጠ ሰው ነው። በበዓል ቀን ድፎው ቀርቦ አባት «ይቆረስ» ሲባሉ፣ ቢላዋ ይዘው ሰዓታቸውን የሚያዩ ሽማግሌ አላየሁም።

ዘጌ ላይ ቡና ከጓሮ ነው የሚለቀመው። ባሕረ ገብ መሬቱ በድሮ ልማዱ በሬ አይጠመድበትም፣ አይታረስበትም፤ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። ከሰዓት በኋላ ረከቦቱ ቀርቦ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ሰፌድ ይመጣል። ቆሎ ይሆናል። ሲገኝ ደግሞ ትኩስ የዳጉሳ ቂጣ ነው፣ በርበሬ የተቀባ፣ ጠርዙ ትንሽ ያረረ። የቤቱ እመቤት ከዳር ትቆርስና የመጀመሪያዋን ለትልቁ ሰው ትሰጣለች። እሳቸው ተቀብለው ይመርቃሉ። ከዚያ ነው ስኒ የሚነሳው። ያቺ ቁራሽ ቁርስ ካልተባለች ምን ልትባል ነው? ደግሞ ነገሩ የዘጌ ብቻ አይደለም። የቡና ቁርስን ጎንደርም፣ ወሎም፣ ሸዋም ያውቀዋል። አሰልጣኙም እናቱ ቤት በልቶት እንዳደገ አልጠራጠርም።

በጣም ያናደደኝ ግን ማስረጃው ነው። «እንግሊዝኛን እዩ» አለ። «ብሬክፋስት፣ ላንች፣ ዲነር። ሦስት ቃል፣ ሦስት ሰዓት፣ አለቀ።» ከየት የተገኘ እንግሊዝኛ ነው? በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ሰው የቀትሩን ምግብ ዲነር፣ የማታውን ቲ ይለዋል። ከደቡብ የመጣው ደግሞ ዲነር ሲል ማታውን ማለቱ ነው። ፈረንሳይኛም እንዲሁ ነው። ፓሪስ ላይ ዴዤኔ የቀትር ምሳ ነው፤ ኩቤክ ላይ ዴዤኔ የጠዋት ቁርስ ነው፣ ምሳው ዲኔ ይባላል፣ የማታው ሱፔ። ዴዤኔም ዲኔም የወጡት ጾም መፍታት ከሚል ከአንድ የላቲን ቃል ነው። አንዱ ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ሲንከራተት ኖሯል። ማንም በቀይ አልሰረዘውም። የእኛ ቃል ብቻ ነው ከቦታው ንቅንቅ አይበል የሚባለው?

የስልጠናው ፕሮግራም ራሱ 4 ሰዓት ላይ «ቲ ብሬክ» ይል ነበር። እሱ አልተሰረዘም። አዲስ አበባ ላይ ወጣቱ ቁርስና ምሳን አጣብቆ «ቁምሳ» የሚል ቃል ፈጥሯል። ጥሩ ቃል ነው፣ እኔም እለዋለሁ። እሱንም ማንም «የአካባቢ አነጋገር» አላለውም። ከዋና ከተማ የወጣ ቃል ዘመናዊ ነው፤ ከጣና ዳር የመጣ ቃል ስህተት ነው። ወረቀቱ የሚለው ይኼንን ነው፣ በሌላ አፍ።

ለመሆኑ ሰንጠረዡን ያወጣው ሰው በዚህ ከተማ ሰው እንዴት እንደሚበላ ጠይቋል? ሑዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15። ረቡዕና ዓርብም አለ። እናቶቻችን እስከ 9 ሰዓት ጾመው ይውላሉ። ቅዳሴ ወጥተው የሚቀምሱት ቁርስ ነው ወይስ ምሳ? በረመዳን ጎረቤቶቼ በሌሊት ሱሁር ይበላሉ፣ ፀሐይ ስትገባ ያፈጥራሉ። እነሱስ በየትኛው ሳጥን ይገቡ? የማውቀው ዓሣ አስጋሪ ሌሊት 10 ሰዓት «ሆድ መያዣ» ብሎ ቂጣ ይቀምስና ታንኳውን ይገፋል። መረቡን አውጥቶ 4 ሰዓት ላይ ሲመለስ ሚስቱ የምታቀርብለትን «ምሳዬ» ይለዋል። ግማሽ ቀን ሠርቷል፤ ምሳው ነው። ሂዱና ገና ቁርስህ ነው በሉት።

«ቱሪስት ግራ ይጋባል» የሚል ክርክርም ተነስቶ ነበር። ቀትርን 6 ሰዓት በምንልበት አገር ቱሪስቱ የመጀመሪያውን ቀን ግራ መጋባቱ አይቀርም። ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ ይለምዳል። እንዲያውም ዘጌ ድረስ ጀልባ ተሳፍሮ የሚመጣው ሆቴሉ ያለውን ሜኑ ፍለጋ አይደለም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ሜኑ ላይ ሰዓት መጻፍ ጥሩ ነው። ይጻፍ። ለወጥ ቤቱም ለእንግዳውም ይረዳል። ግን ሰዓት መጻፍ ሌላ፣ ስም መንጠቅ ሌላ። ይህን ዝም ካልን ነገ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይመጣል። ከወዲሁም ጀምሯል። በሐይቁ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች ሜኑ ላይ ቀረሶ እየጠፋ ቲላፒያ እየሆነ ነው። ዓሣው ያው ከጣና የወጣው ዓሣ ነው። አስጋሪው ቀረሶ ብሎ ይሸጠዋል፣ አስተናጋጁ ቲላፒያ ብሎ ያቀርበዋል። ልጆቻችን በላተኛ ሆነው ስሙን ሳያውቁት ሊያድጉ ነው።

ስልጠናው በሚቀጥለው ወር ለሌላ ዙር ይደገማል ተብሏል። ያ ወረቀት ከመታደሉ በፊት ይታረም። የዘጌዋን እናትም ፈልጉና የተሰረዘባቸውን መስመር መልሱላቸው፦ የቡና ቁርስ፣ 10 ሰዓት።