ቲማቲም የማይወደው ሰውዬ

ልጄ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። እናቱ ምስክር ናት። የበላበትን ሳህን አንስቶ ማጠቢያው ድረስ ውሰድ ሲባል እግሩን ያመዋል። ይኼው ልጅ ታዲያ አምና ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ሳንቀሰቅሰው በማለዳ ተነስቶ ጫማውን አስሮ ጠበቀኝ። «አባ ቶሎ በል፣ አርፍጃለሁ። ቤት ለሌላቸው ሰዎች ምግብ ላቀርብ ነው።» እኔና እናቱ ተያየን። እሷ እንደውም ግንባሩን ዳሰሰችው።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት በነፃ ማገልገል አለበት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቶ የ1997 ተመራቂዎች ላይ ተጀመረ። ድንበሯን ተሻግራችሁ ዲሲ ከገባችሁ ደግሞ 100 ሰዓት ነው። ልጁ ሒሳብ ቢደፍን፣ ሳይንስ ቢደፍን፣ ሰዓቱ ካልሞላ ዲፕሎማ የለም። የእኛው ጎበዝ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ መሰብሰብ ሲችል 11ኛ ክፍል ድረስ ያጠራቀመው 12 ሰዓት ብቻ ነበር። የዚያ ማለዳ ቅንዓት ምንጩ ይኼ ነው።

በጎ ፈቃድ በግዴታ! መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን አጎቴ ትዝ አለኝ። በ1967 በዕድገት በኅብረት ዘምቶ ወሎ ገጠር የከረመ ሰው ነው። እሱንስ ማን ፈቃዱን ጠየቀው? ግን እስኪሞት ድረስ የሚያወራው ስለዚያች ዓመት ብቻ ነበር። ስለዚህ በግዴታው ላይ ብዙም አልፈርድም። እኔን ያበሸቀኝ ቅጹ ነው።

ቅጽ አለው። ድርጅቱ ይፈርማል፣ ተማሪው ይፈርማል፣ ከዚያ «ምን አከናወንክ? ምን ተማርክ?» የሚል ጥያቄ ይመልሳል። እናቴ እኛው ጋ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ ስትወጣ ክንዷን የሚይዛት፣ ማታ ማታ መድኃኒቷን የሚያቀብላት ይኸው ሳህን የሚከብደው ልጅ ነው። እንዲያው ቢቀናኝ ብዬ «የአያትህን ሰዓት ለምን አታስቆጥርም? እሱ ብቻ 75 አይበቃውም?» አልኩት። «ቤተሰብ አይቆጠርም» አለኝ። እስቲ አሁን ቤተሰብ ካልተቆጠረ ምን ሊቆጠር ነው? ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ብትሰማ ትታዘበኝ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በከፊል ለዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ሲያገለግል ወላጅ ሾፌር ነው። ቅዳሜ ለእኔ የእንቅልፍ ቀን ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ በሌሊት ፈረቃ ሠርቼ፣ ቅዳሜን ጠብቄ፣ እሱን አድርሼ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ። ሄጄ እንዳልመለስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሞተር አስነስቼ እንዳልሞቅ ቤንዚኑ ያሳሳኛል። እሱ 75 ሰዓት ሲሞላ እኔም ከ60 በላይ ሞልቻለሁ። የእኔን ማን ይፈርምልኝ?

ጥር ላይ ነው የተያዝኩት። ብርዱ ያጥንት መቅኔ ያደርቃል። ኮፍያዬን ጆሮዬ ላይ ስቤ ሳንቀላፋ አንዲት ሸምገል ያለች ነጭ ሴትዮ መስኮቱን አንኳኳች። የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ ናት። «በየቅዳሜው እዚህ ትቀመጣለህ። ሽንኩርት መክተፍ ትችላለህ?» አለችኝ። አገር ቤት ሳድግ ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት ብነካ «ሴታ ሴት» እባል ነበር። እዚህ እምቢ ብል ደግሞ ሰነፍ ልባል ነው። ገባሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አሥራ አምስት የሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ፀጉራቸውን በመረብ ሸፍነው፣ ጓንት አጥልቀው ተደርድረዋል። የእኔ ልጅ እሱ ራሱ ሊገባበት የሚችል ብረት ድስት ይፈትጋል! ስልኬን አውጥቼ ለእናቱ ማስረጃ ላነሳ ስል አስተባባሪዋ እጄን ያዘችኝ። እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የሚበሉት ሰዎች «እንግዶች» ነው የሚባሉት፤ እንግዳ ደግሞ ሲጎርስ ፎቶ አይነሳም። አገር ቤት አንድ ካርቶን ብስኩት ይዘን ስንሄድ ስንት ካሜራ እንደምናስከትል አሰብኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

እንግዶቹ ገቡ። እኔ የጠበቅሁት ቡትቶ የለበሰ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው ነበር። እንደዚያ ያለም አልጠፋም። ግን ልጅ ያቀፈች ሴት ነበረች፤ የጥበቃ ሠራተኛ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር፤ ከፈረቃ ወጥቶ መኪናው ውስጥ የሚያድር። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በመላው አሜሪካ በአንድ ሌሊት በተደረገው ቆጠራ 771,480 ቤት የሌለው ሰው ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ዜና ላይ ስሰማ «ሀብታም አገር ሆነው!» ብዬ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ነበር። እንደ እኔ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ይኖርበታል ብዬ አላሰብኩም።

ይኸው ጥበቃ ነው ጉዱን ያመጣው። ሳንድዊቹን ከልጄ እጅ ተቀበለ፣ ዳቦውን ገለጥ አድርጎ አየና «ይቅርታ፣ ቲማቲም የሌለው ይኖራል? ቲማቲም አልወድም» አለ።

እኔ በሽንኩርቱ እያለቀስኩ ቀና አልኩ። በሆዴ «ኧረ ጉድ! በነፃ እየበሉ ደግሞ ምርጫ!» አልኩ። ልጄ ግራ ገብቶት ወደ አስተባባሪዋ ዞረ። እሷ ዓይኗን እንኳን ሳታነሳ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሌላ ሥራለት» አለችው። ልጄ አዲስ ዳቦ አወጣ፣ ሥጋውን ደረበ፣ ከዚያ ማንም ሳያዘው «ሰናፍጭስ ላድርግበት?» ብሎ ጠየቀ። ሰውዬው «ትንሽ» አለ። አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ዝም አልኩ። ቲማቲሙ አልወርድ አለኝ።

ማታ ቅጹን ሲሞላ «ምን ተማርክ?» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጻፈ። «ቲማቲም የማይወድ ሰውም አለ።» ተናደድኩ። «ምናለ ቁም ነገር ብትጽፍ! ስለ ድህነት፣ ስለ ፍትሕ!» አልኩት። «እውነቱ እኮ ነው» አለኝ። መምህሯም ተቀበለችው።

አዲስ አበባ ስሄድ የማደርገውን ታውቁታላችሁ፤ እናንተም የምታደርጉት ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መቶ ብር በሳንቲም አስመንዝሬ፣ በሰልፍ ከተቀመጡት ፊት እያንጠባጠብኩ አልፋለሁ። ሳንቲሙ ሲያልቅ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። የቋንቋችንን ነገር አያችሁ? የምንከለክለውም በምርቃት ነው። የምንሰጠውን ሰው «የኔ ቢጤ» እንለዋለን፤ ከ«እንግዳ»ም የሚበልጥ ስም ነው። ግን ቢጤዬን አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ምን እንደሚወድማ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ እብድ ነው ብሎ ይሸሸኝ ነበር። ቡሌ፣ ማለትም የሆቴል ትራፊ፣ በጉርሻ ተቆጥሮ በሚሸጥበት ከተማ ማን ነው «ይሄኛው ይቅርብኝ» የሚለው?

የአገር ቤት ልጆች ሰው አይረዱም እያልኩ አይደለም፤ ይህን ብል ውሸታም ነኝ። የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው፤ ክረምት ክረምት በበጎ ፈቃድ የአረጋውያን ቤት ሲያድሱ ጣራ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው መቄዶንያ ሄደው ምሳ አብልተዋል፣ አረጋውያኑን አጥበዋል። አንድ ሰው 75 ሰዓት ብሎ ሳይቆጥርባቸው። እሱን ሳስብ ደግሞ ይኼ የፈረንጅ ቅጽ እንደገና ያናድደኛል።

የቲማቲሙን ነገር እራት ላይ እንደ ቀልድ አወራሁት። ሚስቴ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። «ታዲያ ካልተስማማውስ? ልጄ፣ አባ ዓይነ ሥውሩን ረሳሃቸው?» አለች።

ረስቻቸው ነበር። ጉለሌ፣ በሚካኤል ዝክር፣ ከነዳያኑ ጋር አጥር ጥግ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። በርበሬ ጨጓራቸውን ስለሚያስነሳባቸው እናቴ ከትልቁ ድስት አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስት ትጥድ ነበር፤ አልጫ፣ የእሳቸው ብቻ። ማስታጠቢያውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የሁሉንም እጅ አስታጥቤ ስጨርስ፣ አልጫውን ለእሳቸው የማደርሰውም እኔው። አንድ ጊዜ ከረሳሁ እናቴ በዓይኗ ነበር የምትገርፈኝ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው። አሁን እህቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ዝክሩ ቀርቷል፤ አጥርም የለም፣ አጥር ጥግ የሚቀመጥም የለም። ልጇ አባ ዓይነ ሥውሩን ከየት ያግኛቸው?

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እናቴ ሰውዬውን ያዘችው። ልጄ ገና በር ሲከፍት «ያ ቲማቲም የማይወደው ሰውዬ ደህና ነው? መጣ? በላ?» ትለዋለች። አንዳንዴ መጣ ይላታል፣ አንዳንዴ አልመጣም። ያልመጣ ዕለት «ምን አግኝቶት ይሆን፣ በዚህ ብርድ!» ስትል ታመሻለች። አንድ ቀን ዳቦ ጋግራ በፎጣ ጠቅልላ «ለእሱ አድርስልኝ» አለችው፤ ቤት የተጋገረ ምግብ እንደማይቀበሉ ማስረዳት እኔ ላይ ወደቀ። አንድ ሳምንት አኮረፈችን።

ሚያዝያ ውስጥ ሰዓቱ ሞላ። 75 ከግማሽ። የመጨረሻዋ ቅጽ ተፈረመች፣ ገባች፣ እፎይ አልን። በማግስቱ ቅዳሜ ሁላችንም ተኛን። እኔ እስከ ረፋድ፣ ልጄ እስከ እኩለ ቀን። እናቴ ብቻ እንደ ልማዷ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀች። ልጁ ዓይኑን እያሻሸ ሲወጣ ጠራችው።

«ዛሬ አልሄድክም እንዴ? ሰውዬው እንዴት ነው?»

«አያቴ፣ በቃ እኮ፤ ሰዓቴን ጨረስኩ።»

እናቴ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«የምን ሰዓት?»