አስተማሪዎቻችን በደላላ ሳይሆን በውል ይሂዱ

ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ አጥንቶ የተመረቀ ወጣት ይህን ማስታወቂያ ሳያየው አይቀርም። በቴሌግራም ነው የሚመጣው። ታይላንድ የእንግሊዝኛ መምህር ይፈለጋል፣ ልምድ አያስፈልግም፣ ቪዛና ቲኬት በድርጅቱ ይሸፈናል፣ ደመወዙ በዶላር ነው ይላል። የትምህርት ቤቱ ስም ግን የለም። ከሥር አንድ ስልክ ቁጥር አለ፤ በቃ።

ብዙ ዓመት እዚህ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ያስተማርኳቸው ልጆች ማስታወቂያውን ይልኩልኝና “ቲቸር፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው?” ይሉኛል። አገራችሁ ይሻላችኋል፣ አትሂዱ ብሎ መገላገል ቀላል ነበር። እኔ ግን ሂዱ ነው የምለው። ግን መምህር ሆናችሁ ሂዱ። በስማችሁ የወጣ የሥራ ቪዛና የተፈረመ ውል ይዛችሁ ሂዱ። ይህን መንገድ የመክፈት ኃላፊነት ደግሞ የልጆቹ ብቻ አይደለም። የዩኒቨርሲቲያችንና የመንግሥትም ነው።

ለምን መሄድ እንደሚፈልጉ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተደረገው የደመወዝ ጭማሪ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ገንዘብ ገበያ ላይ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ ለእናቱ ትንሽ ቆርጦ፣ ቀሪውን ወር በብድር የሚገፋ መምህር ጎረቤታችን ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ባጃጅ የሚነዳም አለ። ማታ ማታ በየሰው ቤት እየዞረ የሚያስጠናም አለ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ውጭ ላስተምር ሲል በሀገር ፍቅር መገሰጽ ተገቢ አይመስለኝም።

ደግሞስ ለማስተማር ድንበር መሻገር ለጅማ መቼ አዲስ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኮሌጅ የሆነው ማለት ነው፣ በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ግዛት መምህራን ድጋፍ ነው የቆመው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገቡ። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። ሕንዳውያን መምህራንም በየጠቅላይ ግዛቱ ነበሩ። ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ እንግሊዝኛውንም ከእነሱ የተማሩ አባቶችና እናቶች ዛሬም ቡና ሲጠጣ ያነሷቸዋል።

እነዚያ ሰዎች እንዴት ነበር የመጡት? የኦክላሆማዎቹ የመጡት ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመው ነው። ሰላም ጓዶቹም እንደዚያው። የአገልግሎት ዘመናቸው የታወቀ ነበር። የት እንደሚመደቡ፣ ማን እንደሚከፍላቸው፣ ቢታመሙ ማን እንደሚያሳክማቸው ከመሳፈራቸው በፊት ተወስኖ ነበር። አንዳቸውም ጅማ ደርሶ “ቪዛህ በኋላ ይስተካከላል” አልተባለም። የኛ ልጅ ግን ተራው ሲደርስ ደላላ እጅ ላይ ይወድቃል።

ሌላው ደላላው የማይናገረው ነገር አለ። በብዙ አገሮች እንግሊዝኛ ለማስተማር መጀመሪያ የሚታየው ችሎታ አይደለም፣ ፓስፖርት ነው። ደቡብ ኮሪያን ውሰዱ። ኢ-2 የሚባለው የቋንቋ መምህራን ቪዛ ለእንግሊዝኛ በዋናነት የሚሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያዊ ዶክትሬት ቢኖረውም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቻይናም ቅድሚያ የምትሰጠው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ለሆነ አገር ዜጋ ነው። እዚያ በተማሪ ቪዛ ሄዶ ተደብቆ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ሕግ እየጣሰ ነው፣ ከተያዘ ሊባረር ይችላል። ታይላንድ በሩ ሰፋ ይላል። ሆኖም እዚያም የሥራ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና ከመምህራን ምክር ቤታቸው ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ አመልካች የፈተና ውጤት ይጠየቃል። “ልምድ አያስፈልግም” የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያነሳም።

ይህ ሕግ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የጅማ ልጅ ቤት ኦሮምኛ፣ ሰፈር አማርኛ እየተናገረ አድጎ ነው እንግሊዝኛን በሦስተኛ ቋንቋነት የሚይዘው። ዳውሮኛ ወይም ካፊኛ የሚጨምርም አለ። ፕሬዘንት ፐርፌክት ላይ ተማሪ ለምን እንደሚወድቅ እንዲህ ያለው መምህር ያውቃል፤ ራሱም እዚያ ወድቆ ተነስቷል። በአንድ ዴስክ ሦስት ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል፣ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ማስተማርን ችሎታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆኖ መወለድ ይህን አያስተምርም። የሴኡል ቪዛ ሕግ ግን በእኔ ጽሑፍ አይለወጥም። ልጆቻችን ሕጉን እንዳለ አውቀው ይንቀሳቀሱ።

ባለማወቅ የሚመጣውን አይተናል። የካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ከገቡት 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ብዙዎች ወጥተዋል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ናቸው። አየር ማረፊያ ላይ ተቀብለዋቸው በመኪና ወደ ድንበር ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የማያውቁትን ሰው በእንግሊዝኛ እያዋሩ ገንዘቡን መውሰድ ሆነ። እንቢ ያለ ይደበደባል። ክፍል ውስጥ ቆመው ልጅ ሊያስተምሩበት የሚችሉትን ቋንቋ ለዚህ ተጠቀሙበት። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

በቅርቡ አንድ ተመራቂ ውሉን በስልኩ አሳየኝ። ሁለት ገጽ ነው። ትምህርት ቤቱ አልተጠቀሰም፤ “ድርጅቱ በሚመድብበት ቦታ” ይላል። የሥራ መደቡ “የእንግሊዝኛና የኮምፒውተር ባለሙያ” ነው። የሥራ ሰዓት በቀን 12። የመግቢያ ቪዛው የቱሪስት ሆኖ “እንደደረሱ ይቀየራል”። ፓስፖርቱን “ለጥንቃቄ ሲባል” አሠሪው ይይዛል። ሠራተኛው ሥራውን ካቋረጠ የቲኬቱን ዋጋ በእጥፍ ይከፍላል። መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። መምህርን በቀን 12 ሰዓት ክፍል የሚያስገባ የትኛው ትምህርት ቤት ነው? መምህርን ቀጥሮ ስሙን የሚደብቅስ? ልጁ መልሱን እኔ ሳልነግረው ደረሰበት። ማንበብ ይችላል እኮ። አብሮት ቁጭ ብሎ የሚያነብለት ሰው ነበር ያጣው።

እዚህ ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲን አነሳለሁ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል አለው። ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክም ከተመሠረተ ጀምሮ ይታወቃል። ያስመረቃቸውን ልጆች የውጭ ውል አንብቦ የሚያማክር አንድ ቢሮ ለመክፈት ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሕግ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። የ120 ሰዓት የእንግሊዝኛ ማስተማር ሠርተፊኬትም ብዙ ቦታ ይጠየቃል። ልጆቹ በየኢንተርኔቱ ማንነቱ ከማይታወቅ ድርጅት በዶላር ከሚገዙት፣ እውነተኛ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ መምህር ከኋላ ተቀምጦ እየገመገማቸው እዚሁ ቢወስዱት ይሻላል። የወረቀቱም ጣጣ እንዲሁ ነው። ፓስፖርት ጅማ ይወጣል። ዲግሪ ማረጋገጥ፣ ከወንጀል ነፃ ወረቀት እያለ ግን ልጁ አዲስ አበባ ሲመላለስ ይከርማል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ ያንኑ ያህል መመለስ። ደላላው “እኔ እጨርስልሃለሁ” የሚለው እዚህ ክፍተት ላይ ቆሞ ነው።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ከዚህ ይከብዳል፣ ግን የሚቻል ነገር ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የማስተማሪያ ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዞረች። መምህር አነሳት። ከዚምባብዌ ጋር በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተፈራረመች፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ 154 ዚምባብዌያውያን መምህራን በመንግሥታቸው ተሸኝተው ኪጋሊ ገቡ። ለማንም ደላላ አልከፈሉም። እኛም ከሳዑዲ አረቢያ፣ ከጆርዳን፣ ከኳታር ጋር የሠራተኛ ስምምነት አለን። እስካሁን ትኩረቱ በአብዛኛው የቤት ሠራተኞች ላይ ነው። መምህርን የሚጨምር ስምምነት ለምን አይኖረንም? እንግሊዝኛ የሚፈልግ ጎረቤት ሞልቶናል፤ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ ስትወጣ የመረጠችው የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ሰላሙ ሲረጋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ መምህር ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

መምህሩ ሁሉ ከሄደ የኛን ልጆች ማን ያስተምራል የሚሉ አሉ። ይህ ጥያቄ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚማር አገር እንግሊዝኛ የሚያውቅ መምህር ማጣት ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ሰዎቹ እንዲመለሱ ማድረግ አለብን። የሚመለሱት ደግሞ የሚመለሱበት ቦታ ሲኖራቸው ነው። ዛሬ ውጭ ለማስተማር የሚነሳ የመንግሥት መምህር ብዙ ጊዜ ሥራውን ለቅቆ ነው የሚሄደው። ያስቆጠረው አገልግሎት፣ ያገኘው እርከን ገደል ይገባል። ቢመለስ ከዜሮ ነው። እንዲህ ከሆነ ለምን ይመለሳል?

የኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ በውል ለሚሄድ መምህር የሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይስጥ። ቦታው ይጠበቅለት፣ እርከኑም አይነካ። ከመሄዱ በፊት ውሉ ታይቶ ይመዝገብ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ቢቸግረው የሚደውልለት መሥሪያ ቤት ይኑረው። ሲመለስ አንድ ሴሚስተር በትምህርት ቤቱ ያሉትን ሌሎች የእንግሊዝኛ መምህራን እንዲያሠለጥን በዚያው ውል ውስጥ ይጻፍ። ይህ ለአንድ ወረዳ ተሞክሮ፣ ችግሩ ታይቶ፣ ለመጪው መስከረም ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።