የእረፍት ሰዓት ጀግኖች

ጨዋታው ሳያልቅ መፎከር የሚችል ሰው የታደለ ነው። እኛ ተራዎቹ ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እስኪነፋ፣ አንዳንዴም ውጤቱ ማታ በዜና እስኪደገም ድረስ አፋችንን ይዘን እንቀመጣለን። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደጋፊያችን ግን እንዲህ ያለ ድህነት አያውቅም። አባቶቻችን ጠላት ገድለው፣ ግዳይ ይዘው ሲመለሱ ነበር የሚፎክሩት። እሱ ገዳዩ ገና ውሃ እየጠጣ፣ ሟቹም ገና የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ ሳለ ግዳዩን ጥሎ ጨርሷል። በ45 ደቂቃ! «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ሰዎችም ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው አያውቁም እንጂ፣ በሰሜን ለንደን የተገዛ ወርቅ ጉለሌ ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚያደምቅ ባዩ ነበር።

ይህን ባህል የሚጠራጠር ሰው ካለ ጥር 28 ቀን 2003 ዓ.ም. የዋለውን ቅዳሜ ያስታውስ። በዚያ ቀን በእንግሊዝ 8 ጨዋታዎች ተካሂደው 41 ጎሎች ተቆጠሩ። እሑድ ሁለት ጨዋታዎች ተጨምረው ድምሩ 43 ደረሰ። ሊጉ 20 ክለቦች ይዞ መጫወት ከጀመረ ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ በአንድ ዙር ይህን ያህል ጎል ታይቶ አይታወቅም ነበር። ኤቨርተን ብላክፑልን 5 ለ 3 ሲያሸንፍ ሉዊ ሳሃ ብቻውን አራት አገባ፤ ዊጋን ብላክበርንን 4 ለ 3 ረታ። እነዚህን እኛ ሰፈር ያየ የለም። ሪሞቱን ኪሱ ውስጥ የሚከተው የቤቱ ባለቤት ነው፤ በሩ ላይ በተሰቀለችው ጥቁር ሰሌዳም በጠመኔ የተጻፈው «12:00 ኒውካስትል ከ አርሰናል፣ 2:30 ዎልፍስ ከ ማንቼ» የሚል ብቻ ነበር። (የሰሌዳ ጸሐፊ አንድን ክለብ ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ጽፎ አያውቅም። ነጻነቱ ይከበርለት።)

ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተጀመረ። በ44ኛው ሰከንድ የአርሴናሉ ቲዮ ዎልኮት ኳስና መረብን አገናኘ፤ በር ላይ ያለው ልጅ ገና መልስ ሰጥቶ አልጨረሰም። በ3ኛው ደቂቃ ዮሃን ጁሩ በጭንቅላቱ ገጭቶ ደገመ። በ10ኛው ሮቢን ቫን ፐርሲ፣ በ26ኛው አሁንም ቫን ፐርሲ። 4 ለ 0! ያውም በኒውካስል ሜዳ በሴንት ጄምስ ፓርክ፣ ያውም ኒውካስል ዋና አጥቂውን አንዲ ካሮልን ለሊቨርፑል በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጦ ሳምንት ሳይሞላው።

እረፍት ሲወጣ ጀግናችን ተነሳ። ማልያውን ከሹራቡ በላይ ደርቦ አግዳሚው ላይ ቆመና መጀመሪያ የሚያበሽቀው የኒውካስል ደጋፊ ፈለገ። ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ሰፈሩም ውስጥ አልነበረም። ይህ ግን ጀግናን አያቆመውም። ከኋላ ተቀምጠው የ2 ሰዓት ተኩሉን ጨዋታ ወደሚጠብቁት የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ዞረ።

«በ5 ነጥብ ትመሩን ነበር አይደል? ከዛሬ ጀምሮ በ2 ነው። እስክንመጣ ዋንጫዋን ወልውላችሁ ጠብቁን!»

እንግዲህ የዚህን ሰው አርቆ አሳቢነት ተመልከቱ። የአርሴናል አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር ራሳቸው በዚያች ደቂቃ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተጫዋቾቻቸውን ስለ ቀጣዩ 45 ደቂቃ እያነጋገሩ ነበር። ደመወዝ የሚከፈላቸው እሳቸው ናቸው፤ ጨዋታው እንዳለቀ ያወቀው ግን የኛው ልጅ ነው። የሰፈሩን ክለብ በረኛ ስም ጠይቁት፣ አያውቅም፤ ትልቅ አእምሮ በትንሽ ነገር አይጨናነቅም።

ዋሽንግተን ያለውም ወንድሙ ከዚህ ያነሰ አይደለም። እዚያ ገና ረፋድ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ነው፤ ከሌሊት ሥራ ገብቶ አልተኛም። የስልክ ካርዱን ፍቆ ቤት ደወለ። እናት አነሱት።

«ምነው ልጄ፣ በደህናህ ነው?»

«ደህና ነኝ እማዬ። ለአቢ ‹አራት› በይው፤ እሱ ይገባዋል።»

አቢ የማንቼ ደጋፊ ነው፤ ይገባዋል። ውቅያኖስ ተሻግሮ አንዲት ቁጥር ለማድረስ ካርድ የሚጨርስ ፍቅር ሌላ የት ይገኛል?

ከእረፍት መልስ የሆነውን ብዙዎች ያውቁታል፤ እኔ ግን የጀግናውን ፊት ነበር የማየው። በ50ኛው ደቂቃ የኒውካስሉ ጆይ ባርተን ጠንከር አድርጎ የአርሴናሉ አቡ ዲያቢ ላይ ሸርተቴ ገባ። ዲያቢ ተነስቶ አንገቱን ጨምድዶ ገፈተረው፤ ቀይ ካርድ። ጀግናው፦ «በ9 ሰውም ይበቃናል።» በ68ኛው ባርተን በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 1 ሲያደርግ፦ «ምስኪኖች፣ አንድ ትግባላቸው እንጂ።» በ75ኛው ሊዮን ቤስት 4 ለ 2 ሲያደርግ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ደክሞት ይሆናል። በ83ኛው ባርተን ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። ያን ጊዜ ጀግናችን ፊል ዳውድ የሚባል ዳኛ በዓለም ላይ መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ፤ ወዲያውም የሰውየውን ትውልድ፣ ጠባይና ድብቅ ዓላማ በዝርዝር አስረዳን። በ87ኛው ደቂቃ ሼክ ቲዮቴ ከሳጥኑ ውጭ የደረሰችውን ኳስ በግራ እግሩ መትቶ ከጥግ ሲሰካት ማልያው ከሹራቡ ላይ የት እንደገባ አላየሁም። ልጁ ግን አልሄደም። ሹራብ ብቻ ለብሶ «እኔ ለኳሱ ነው የመጣሁት» አለ።

(ቲዮቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ2009 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ ልምምድ ላይ እንዳለ ወድቆ ዐረፈ። በኒውካስል ማልያ ያገባት ብቸኛ ጎል ይህችው ናት። አይቮሪኮስታዊው ሰው አንዲቷን ጎል የት እንደሚያስቀምጣት ያውቅ ነበር።)

በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ 4 ለ 0 መርቶ ማሸነፍ ያቃተው የመጀመሪያው ቡድን አርሴናል ሆነ። የማንቼ ደጋፊዎችም ከኋላ ተነሱ። ያነሳሳቸው ምንድን ነው ብትሉ፣ ያው የተቀደሰ ባህል ነው፤ የነሱ ጨዋታ ገና አልተጀመረማ! ዩናይትድ በዚያ ሊግ ለ29 ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ቆይቷል፤ የሚገጥመው ዎልቭስ ደግሞ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተኝቷል። እንዲህ ሆኖ ዝም የሚል ሰው ጤናው ያጠራጥራል። ስለዚህ አንዱ አርሴናሉን ጎን ለጎን ተቀምጦ አጽናናው፦ «አይዞህ ወንድሜ፣ አራተኛ መውጣትም ክብር ነው።»

በ3ኛው ደቂቃ ናኒ አገባ። ቤቱ ፈረሰ። በ10ኛው ጆርጅ ኤሎኮቢ፣ ካሜሩናዊው ተከላካይ፣ በጭንቅላቱ አቻ አደረገ። በ40ኛው ኬቨን ዶይል 2 ለ 1 አደረገና ጨዋታው በዚያው አለቀ። ሪዮ ፈርዲናንድ ሲያሟሙቅ ተጎድቶ ከጨዋታው ውጭ ሆኖ ነበር፤ ይህን ወሬ ግን ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ማንም አላነሳውም። ካለቀ በኋላ ሁሉም ከመጀመሪያው ሲያስጨንቀው እንደነበር ተናገረ።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ሂሳብ ነበረች። አርሴናል አንድ ነጥብ አገኘ፣ ዩናይትድ ዜሮ። የ5 ነጥቡ ልዩነት 4 ሆነ። በታሪኩ ከተዋረደባቸው ቀናት በአንዱ አርሴናል ወደ መሪው ተጠጋ ማለት ነው። በዚያ ቤት ይህን ያሰላ አንድም ሰው አልነበረም፤ አርሴናሉ የማንቼን ሽንፈት እያከበረ፣ ማንቼው 4 ለ 4ን እየዘመረ ተያይዘው ወጡ። ሂሳብ የነጋዴ ነው።

እሑድ ተራው የቼልሲ ሆነ። የቼልሲ ደጋፊ ቅዳሜን ሙሉ በሁለቱም ላይ ሲስቅ ውሏል፤ ምክንያቱም ከሰኞ ጀምሮ ፌርናንዶ ቶሬስ የሱ ነው። 50 ሚሊዮን ፓውንድ! በእንግሊዝ እስከዚያ ቀን ያልተሰማ ዋጋ። ያንን ገንዘብ ከራሱ ቁጠባ ያወጣው ይመስል «በርካሽ ነው ያገኘነው» ይል ነበር፤ የማልያው ጀርባ ላይም ስሙን በቀለም አጽፎ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ለብሶት መጣ። የመጀመሪያ ጨዋታው ደግሞ ከማን ጋር? ጥሎት ከመጣው ከሊቨርፑል ጋር። ድራማ ጸሐፊ እንኳን እንዲህ አይጽፍም፣ አዘጋጁ ይመልስበታል።

ቶሬስ ተቀይሮ ወጣ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራውል ሜይሬሌስ አገባ፤ 1 ለ 0፣ ሊቨርፑል። የቼልሲው ልጅ «ገና እየተላመደ ነው» አለ። ተላመደም፤ ለቼልሲ የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው ሚያዝያ ውስጥ ነው። የሊቨርፑሉ ደጋፊ በዚያ ምሽት የቀድሞው አሰልጣኝ ኬኒ ዳልግሊሽ ተመልሰዋልና መጪው ዓመት የኛ ነው ብሎ አወጀ። ይህን አዋጅ በየዓመቱ ያድሰዋል፤ በ2012 ዓ.ም. ዋንጫው ሲመጣለትም የትንቢቱን ትክክለኛነት ሊያስረዳን ቤታችን ድረስ መጥቷል።

በዚያው እሑድ በርሚንግሃም ዌስትሃምን በሜዳው 1 ለ 0 አሸንፏል። ጎሏን ያገባው ሰርቢያዊው ኒኮላ ዚጊች ነው፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ማንም አላየውም። በርሚንግሃም ሰሌዳ ላይ ተጽፎም አያውቅም።

የዚህ ሁሉ ፍሬ የሚታየው ሰኞ ነው፤ ብሽሽቅን የሚንቁ ምሁራንም ሰኞ ጠዋት አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቢቆሙ ሐሳባቸውን ይቀይሩ ነበር። በአገራችን አለቃን ፊት ለፊት መናገር የሚቻልበት ሌላ መድረክ አላውቅም። ስብሰባ ላይ «አስተያየት ካላችሁ» ሲባል ሁሉም ወለል ወለሉን ያያል። ጥበቃው ግን የአለቃውን መኪና በር ላይ ያስቆማል። የአርሴናል አርማ ከመስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ጥበቃው ጎንበስ ይላል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ክብሩን አያጓድልም።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ሰንበት እንዴት ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እኔ እንኳ ቅዳሜ 4 ለ 0 ድረስ አይቼ መብራት ጠፋብኝ። ስንት ሞላላችሁ?»

አለቃው መስታወቱን ይዘጋሉ። ምን ይላሉ? በየትኛው የሥነ ሥርዓት ደንብ ይቀጡታል? ሰውየው የጠየቀው ስለ መብራት ነው።

በዚያ ዘመን ታዲያ በየመንደሩ የቤቲንግ ሱቅ አልነበረም። ዛሬ ቢሆን ጀግናችን እረፍት ላይ ከመፎከሩም በፊት ቲኬቱን ቆርጦ፣ የሚያገኘውን ገንዘብ ለሦስት ሰው አበድሮ ነበር። አንድ ጨዋታ «አቃጠለብኝ» ሲል ደግሞ ቡድኑን የሚረግመው እንደ ደጋፊ አይደለም፣ እንደ ባለ አክሲዮን ነው። እድገት ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ትዝታውን ነው። አንድ ሰው እረፍት ላይ «ዋንጫዋን ወልውሉ» ብሎ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ «እኔ ይሄ መከላከል አያምረኝም ብዬ ነበር» ሲል ሰምታችሁት ይሆናል። አፉን አይይዘውም፣ ዓይኑም አይሰበርም። አጠገቡ የነበሩት ምስክሮች እንዳያጋልጡት አይፈራም፤ እነሱም «ብዬ ነበር» እያሉ ስለሆነ የሚሰማው የለም። ሃያ ነቢይ በአንድ ታክሲ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ የካቲት 5፣ አርሴናል ያንኑ ዎልቭስ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ሁለቱንም ቫን ፐርሲ አገባ። ማልያዋ ከሹራቡ በላይ ተመለሰች። «ዎልቭስ ማንቼን አሸነፈ፣ እኛ ዎልቭስን አሸነፍን፤ እንግዲህ ደምሩት» አለን። ዌይን ሩኒ በዚያው ቀን ማንችስተር ሲቲ ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ በአየር ላይ የመታትን ጎል ያየው ማንቼ ደግሞ ሰኞ ድረስ ለሰላምታ እንኳ እግሩን ነበር የሚያነሳው።

ከዚያ የካቲት 20 መጣ፤ የካርሊንግ ካፕ (የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) ፍጻሜ፣ አርሴናል ከበርሚንግሃም፣ ዌምብሌይ ላይ። «በርሚንግሃም ማን ነው?» አለ ጀግናችን፤ ይህኛው እንኳ ለእረፍት አልቆየም፣ ከዋዜማው ነበር የጀመረው። ያ ማንም ያላየው ዚጊች የመጀመሪያዋን አገባ። ቫን ፐርሲ አቻ አደረገ። በ89ኛው ደቂቃ የአርሴናሉ ተከላካይ ኮሼልኒና በረኛው ሽቼዝኒ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» ሲባባሉ የበርሚንግሃሙ ኦባፌሚ ማርቲንስ ኳሷን ባዶ መረብ ውስጥ አስቀመጣት። 2 ለ 1። ልጁ ሦስት ወር ያህል ሰፈር ውስጥ በሌላ መንገድ ነበር የሚሄደው።

ግንቦት ላይ በመጨረሻው ቀን በርሚንግሃም ከሊጉ ወረደ። አርሴናል አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ምሽት በዋናው መንገድ፣ ማልያውን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ወረዱ አይደል?» አለን። «ይሄ ቡድን አይረባም ብዬ ነበር።»