የኳንተሙ ተጓዥ አያርፍም

ድረ ገጾችን በኳንተም ጉዞ (በኳንተም ፊዚክስ ሕግ ከገጽ ወደ ገጽ በሚደረግ ምናባዊ ጉዞ) ደረጃ ስለ መስጠት የተጻፈውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «የኳንተም ጉዞ ፈጣን ስለሆነ ፔጅራንክን (የጉግልን የገጽ ደረጃ መስጫ ስልት) ይተካዋል» የምትለዋ ነገር ትንሽ ቸኩላለች።

የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት በዚህ ስልት፣ ከገጽ ወደ ገጽ የሚዞር ምናባዊ ተጓዥ አብዛኛውን ጊዜ (85 በመቶ አካባቢ) ሊንክ ይከተላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ደስ ያለው ገጽ ላይ ዘሎ ይገባል። ሲዞር ሲዞር በየገጹ የመገኘት ዕድሉ ይረጋል፤ ደረጃ የምንለው ያንን ነው።

የኳንተሙ ተጓዥ ግን መቼ ይረጋል! ሂደቱ ወደ ኋላ መመለስ የሚችል ስለሆነ ዕድሎቹ ከፍ ዝቅ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፓፓሮና ማርቲን ዴልጋዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራቸው የየእርምጃውን ዋጋ ይዘው አማካዩን ወሰዱ። ደግሞ የተጠቀሙበት፣ የሴጌዲ ጉዞ የሚባለው የኳንተም ጉዞ ዓይነት የሚራመደው በገጽ ሳይሆን በገጽ ጥንድ ላይ ነው። 100 ገጽ ካለ 10,000 ጥንድ ማለት ነው። ቢሆንም በተራ ኮምፒውተር ሊሰላ ይችላል፤ የኳንተም ማሽን የግድ አይደለም።

እኔን የገረመኝ ፍጥነቱ አይደለም። ሁለቱ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ቀጣይ ሥራ፣ በተለመደው ስሌት ታች ላይ እኩል ተደርድረው የሚቀሩ ትንንሽ ገጾች በኳንተሙ ተለይተው ወጡ። ጸሐፊው ይህን በአንድ መስመር ማለፉ ቆጭቶኛል። ዋናው ወሬ እኮ እሱ ነበር።